የጭስ ማውጫው ክዳን በሦስተኛው ገጠመ

ባለፈው ቅዳሜ የማድ ቤታችን ጭስ ማውጫ ክዳን አገኘ። ራሴ ለክቼ፣ ራሴ ቆርጬ የሠራሁት የመጀመሪያው ኮን (እንደ ጎጆ ጣሪያ ሾጣጣ ቅርጽ) ነው። በጣም ደስ ብሎኛል፤ ቆርቆሮ ሥራ እየለመዳችሁ ላላችሁት ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ድሬዳዋ ውስጥ አጎቴ ትንሽ የቆርቆሮ ሥራ ቤት አለው። ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፣ ማጠፍ፣ በሪቬት ማያያዝ፣ ይሄ ቶሎ ገባኝ። ኮን ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ።

ክዳኑ የሚያርፍበት የብረት ቀለበት ዲያሜትሩ 48 ሴ.ሜ. ነው። ቁመቱን 10 ሴ.ሜ. አደርገዋለሁ አልኩ፣ ዝናብ እንዳይተኛበት። የ48 ግማሽ 24 ነው ብዬ ላሜራው ላይ በ24 ሬዲየስ ክብ አወጣሁ፣ ቆረጥኩ፣ ከጠርዝ እስከ መሃል ሰነጠቅኩት፣ ከዚያ ቁመቱ 10 እስኪሞላ ድረስ ጫፍና ጫፉን አደራረብኩት። ቀለበቱ ላይ ሳስቀምጠው ወደ ውስጥ ገባ። ስለካው 43 ተኩል ገደማ። ሁለተኛውን በግምት በ25 ሠራሁት፣ እሱም ገባ። ሁለት ቁራጭ ላሜራ በከንቱ ሄደ፣ በእውነት አንጀቴን በላኝ።

ማታ በወረቀት ኮን ሠርቼ ከጫፉ እስከ ታች ለሁለት ገመስኩት። ያኔ ታየኝ። መሃል ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ቁመት ሌላ ነው፣ ከጫፉ በጎን ወደ ጠርዙ የሚወርደው ሌላ። ላሜራው ላይ የሚሳለው ክብ ሬዲየሱ የጎኑ ርዝመት ነው። እሱን የሚሰጠው ደግሞ ያ ትምህርት ቤት የተማርነው ፓይታጎረስ ነው፦ 24 በ24 576፣ 10 በ10 100፣ ድምሩ 676፣ ስኩዌር ሩቱ 26። አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር የቀረኝ!

ቀጥሎ ከክቡ ላይ ምን ያህል ይቀነስ? ብዙ ሰው ማዕዘን አስሉ ይላል። 360 ሲባዛ 24 ሲካፈል ለ26፣ ወደ 332 ዲግሪ ይመጣል፤ ይሄ ሳይቆረጥ የሚቀረው ነው። ልክ ነው፣ ግን በፕሮትራክተር ላሜራ ላይ ማውጣት አልወድም፤ መሃል ላይ ትንሽ የተሳሳተ መስመር ጠርዙ ላይ ሲደርስ ብዙ ይሆናል። እኔ ከቀፊራ ገበያ የገዛሁትን የልብስ ሰፊ ሜትር ነው የምጠቀመው። የትልቁ ክብ ዙሪያ 163.4፣ የቀለበቱ 150.8፣ ልዩነቱ 12.6 ሴ.ሜ.። ሜትሩን ጠርዙ ላይ አጥፌ አስተኝቼ 12.6 ምልክት አደርግና ከሁለቱ ምልክቶች ወደ መሃል አሰምራለሁ። በቃ። ለመደራረቢያ 2 ሴ.ሜ. ስለሚያስፈልግ የቆረጥኩት ግን 10.6 ብቻ ነው። ይህቺን 2 እንዳትረሷት፤ ከረሳችኋት ሪቬት የምትመቱበት የላችሁም።

የገጽታ ስፋቱ፣ ፓይ ሲባዛ 24 ሲባዛ 26፣ ወደ 1960 ካሬ ሴ.ሜ. ነው። ታቹ ክፍት ስለሆነ የክቡን ስፋት አልደመርኩም። ይሄ ቁጥር ለቀለም ይጠቅማል። ላሜራ ለመግዛት ግን በሱ አትሂዱ! ክቡ የሚወጣው ከ52 በ52 ቁራጭ ነው፣ 2704 ማለት ነው። እኔ በመጀመሪያ በስፋቱ ነበር ያሰብኩት፣ ስለዚህ አጠረኝ።

ሌላው ምክሬ በጠዋት ሥሩ፣ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ላሜራው እጅ አያስነካም። በካርቶን ሳትሞክሩም ላሜራ አትንኩ፤ ዛሬም ቢሆን ካርቶን ሳልቆርጥ ቁጥሬን አላምነውም።

አሁን የያዝኩት ጫፉ የተቆረጠ ኮን ነው፣ ለዘይት ማፍሰሻ። ሁለት ክብ ከአንድ መሃል መነሳት እንዳለበት ገብቶኛል፣ ካርቶኑ ላይ ግን አፉ እየጠበበብኝ ነው። የሠራችሁ ካላችሁ መደራረቢያውን ከላይና ከታች እኩል ነው የምትተዉት?