የፍሬን ሸራ አንድ ወገን ብቻ ሲያልቅ

ዛሬ የቪትዝ መኪናዬን የፊት ፍሬን ሳስፈትሽ ዋልኩ። ፍሬን ስይዝ ወደ ቀኝ ትስባለች፤ የቀኙ ቸርኬም ከግራው ይልቅ ይግላል።

ጎማው ሲወልቅ ነገሩ ታየ። የውስጠኛው ሸራ ብረቱ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ የውጪው ግን ገና ግማሹ አለ። መካኒኩ ሸራውን ብቻ ቀይሮ ሊሸኘኝ ይችል ነበር። እግዜር ይስጠው፣ አላደረገውም። ካሊፐሩን፣ ማለትም ሁለቱን ሸራዎች ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ የሚጨምቀውን ክፍል፣ በእጁ ገፋ አደረገው፤ ንቅንቅ አላለም። የሚንሸራተትበት ፒን ዝጎ ተጣብቋል። የአቧራ መከላከያ ላስቲኩ ተቀዶ ውሃ አስገብቷል።

የዚህ ካሊፐር ፒስተን (በፍሬን ዘይት ግፊት ሸራውን የሚገፋው) በውስጥ በኩል ብቻ ነው፤ የውጪውን ሸራ ወደ ዲስኩ የሚስበው ካሊፐሩ በፒኑ ላይ ሲንሸራተት ነው። ፒኑ ካልተንሸራተተ የውጪው ሸራ ዲስኩን በደንብ አይነክስም፤ ሥራው ሁሉ የውስጠኛው ላይ ይወድቃል።

ፒኑን አጽድቶ የሲሊኮን ግሪስ ቀባው፤ ተራ ግሪስ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። ላስቲኩንም ቀየረ። ፒስተኑ ሲገፋ በቀላሉ መመለሱን አየ። ሸራው በግራም በቀኝም አንድ ላይ ተቀየረ።

እባካችሁ፣ ሸራ ስታስቀይሩ አሮጌዎቹን ተቀብላችሁ ውፍረታቸውን አስተያዩ። ከተበላለጡ ምክንያቱ ሳይገኝ አዲስ አታስገቡ። ልዩነቱ በግራና በቀኝ ጎማ መሃል ከሆነ ደግሞ የፍሬን ዘይት ጎማ ቱቦውንም አስፈትሹ፤ ውስጡ ሲደፈን ፍሬኑ ቶሎ አይለቅም።