የዘንድሮ መጽሐፎቼና ከፊደል አናት ላይ ያለችው ነጥብ

ዘንድሮ ዘጠኝ መጽሐፍ አነበብኩ። መስከረም ላይ ሠላሳ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ዘጠኝ ሲባል ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ዘንድሮ ረክቼ አላውቅም። ዛሬ ጳጉሜ 3 ነው። ደብረ ማርቆስ ከጠዋት ጀምሮ እየዘነበ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ማስታወሻ ደብተሬን ዘርግቼ ቁጭ ብያለሁ።

ስለ አጀማመሬ ብዙም የምለው የለኝም። የሒሳብ መምህርት ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ከቴሌግራም ፒዲኤፍ እያወረድኩ ማንበብ ጀመርኩ። ቀጥሎ አሮጌ መጽሐፍ መግዛት ለመደብኝ፣ ከዚያ መቁጠር መጣ። የቆጠራው ነገር ላይ አንድ ኑዛዜ አለኝ። አምና ሃያ አራት አነበብኩ ብዬ ነግሬያችሁ ነበር። አምስቱን አልጨረስኳቸውም። ሦስቱን ደግሞ ዛሬ ታሪካቸውን ንገሪን ብትሉኝ አልችልም። ቁጥሩን ለማድረስ ስሮጥ ገጹ በዓይኔ ብቻ አለፈ። ስለዚህ ዘንድሮ የምመክረውን ስትሰሙ ይህንንም አብራችሁ ያዙልኝ።

ከዘጠኙ ውስጥ የወደድኳቸው አራት ናቸው። በፍጥነት ያነበብኩት የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ነው፤ ሦስት ቀን ብቻ ፈጀብኝ። በ1975 ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበ መጽሐፍ ነው። ደራሲው በዓመቱ እንደወጡ ቀሩ። ይህን እያወቁ ማንበብ ከባድ ነው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ አስመራ ውስጥ የሚያየውን ሁሉ ሲጽፍ፣ «ኧረ ተው፣ ይህን አትጻፍ» ልለው ይቃጣኛል። ሁለተኛው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። በ1900 ሮም የታተመ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው ነው። ደራሲው የዘጌ ሰው ናቸው፤ ከእኛው ከጣና ዳር። ዋናዋ ባለታሪክ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትጓዝበትን ክፍል ሁለቴ አነበብኩት። አማርኛው ግን ጥርስ ይፈልጋል። መጽሐፍ ማንበብ ለመጀመር ለሚያስብ ሰው አልመክረውም።

ሦስተኛው «ትዝታ» ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ የራሳቸውን ሕይወት የጻፉበት። ጣሊያን ማርኳቸው ፖንዛና ሊፓሪ የሚባሉ ደሴቶች ላይ ዓመታት ታስረዋል። አራተኛውን ያነበብኩት በዚህ መጽሐፍ ምክንያት ነው። ሙሉውን ወሬዬንም የወሰደው እሱ ነው።

አዎ፣ የእኚሁ የሐዲስ «ፍቅር እስከ መቃብር»። እስከ ዘንድሮ አንብቤው አላውቅም ነበር። ጎጃም ተወልጄ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ማለትም የደራሲው የትውልድ ቦታ እዚሁ አጠገቤ ሆኖ፣ አላነበብኩትም። ሰው ሲያወራው አንገቴን እነቀንቃለሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ የተውኩት እዚያው አካባቢ ነው፤ ማንኩሳ ላይ፣ የዋናው ባለታሪክ የበዛብህ አባትና እናት ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ገና ሲጋቡ። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው። መሀል ላይ ስደርስ መጀመሪያውን እረሳዋለሁ። በስልክ ሳነብ ደግሞ ፊደሉን ለማስፋት ገጹን ወዲያና ወዲህ ስጎትት ሐሳቡ ይበታተንብኛል። በዛብህ ለትምህርት ዲማ ሳይደርስ እኔ ሌላ መጽሐፍ ከፍቻለሁ።

ሰኔ ላይ አባቴ ከብቸና አካባቢ ለዓይን ሕክምና መጡና እኔ ዘንድ ከረሙ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ቀን ቀን ቡናው ላይ ጎረቤት ስላለ አይከፋቸውም። ማታ ግን ይጨንቃቸዋል። አንድ ቀን መብራት ሄዶ በሻማ ተቀምጠን ሳለ፣ «አንቺ መጽሐፍ ታነቢ የለም እንዴ? እስቲ ድምፅሽን አሰሚኝ» አሉኝ። በእጄ የነበረው ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያዘ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር።

አባቴ በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ነበሩ። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ገብተው ሁለት ክረምት ቆይተው ነው የተመለሱት። መጽሐፉን ደግሞ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ሰምተውታል። እንግዲህ የእኔን ንባብ የሚመዝኑት በወጋየሁ ድምፅ ነው። አንድ ገጽ ሳልጨርስ ሦስት ጊዜ አስቆሙኝ።

«ማነው መቺው? ማነው ተመቺው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው አይለይም። «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ ሰውየው መቺ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ራሱ ተመቺ ነው። «ገና»ም ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። በዓይናችን ስናነብ አእምሯችን ዘሎት ያልፋል። ጮክ ብላችሁ ስታነቡ ግን ምላሳችሁ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት። እኔ ቶሎ ቶሎ ስለማነብ የተሳሳተውን እየመረጥኩ፣ አድራጊውን ተደራጊ እያደረግኩ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ የረዘመብኝም ለካ ለዚህ ነው! ሰው ሳይሆን ግስ ነው የጠፋብኝ። መሀል ላይ አንዱ ግስ ከተበላሸ ቀሪው መስመር ሁሉ አይገጥምም።

በሦስተኛው ማታ ሻማውን ጠጋ ሳደርግ ከአንዳንዱ ፊደል አናት ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አየሁ። የዝንብ ኩስ መስሎኝ በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አደረግኩት። አልለቀቀም። ቀጣዩ መስመር ላይም አለ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ላይም። ለአባቴ ነገርኳቸው። «ነጥቡ ያለበትን ቃል አንብቢው» አሉኝ። አነበብኩ። «አጥብቂው» አሉ። አጠበቅኩት። ዝም አሉና፣ «ሰውየው እንዳትሳሳቺ ምልክት ትቶልሻል» አሉኝ።

ሐዲስ ዓለማየሁ የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል ይሟገቱ ከነበሩት አንዱ ናቸው። በ1958 ይህን መጽሐፍ ሲያወጡ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ አደረጉበት። ልማዱ ግን አልተከተላቸውም፤ ዛሬ እንዲህ የሚጽፍ ብዙም የለም። በስልኬ የነበረው ፒዲኤፍ ላይ ነጥቡ ከቆሻሻው ጋር ተቀላቅሎ አይለይም ነበር። ሦስት ጊዜ ያቋረጥኩት መጽሐፍ መክፈቻው እላዩ ላይ ነበር፣ እኔ አላየሁትም።

ከዚያ በኋላ ንባቡ ሌላ ሆነ። በቀን አሥር ገጽ፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት። ነጥቧን ሳይ ረገጥ አደርጋለሁ። ስሳሳት አባቴ በጣታቸው የወንበሩን እጀታ ይመቱታል። «እኛ ንባብ ቤት የቃሉን አነባበብ፣ ተነሽና ወዳቂውን ስንስት አለንጋ ነበር፤ አንቺን ግን በጣት» አሉኝ አንድ ቀን። የዚያን ያህል ደስ ያለኝ ሙገሳ የለም።

በዛብህ ዲማ ቅኔ ቤት ሲገባ አባቴ ንባቡን አስቆሙኝና ስለ ራሳቸው ዲማ እስከ እኩለ ሌሊት አወሩ። አኩፋዳቸውን፣ ውሻውን፣ ቅኔ ሊቆጥሩ ጫካ ውስጥ ብቻቸውን የሚውሉበትን ቀን። ይህን ሁሉ ዘመኔን ነግረውኝ አያውቁም። የባላባቱን ሥርዓት የሚነቅፈውን ጉዱ ካሳን መጀመሪያ አልወደዱትም፤ «አፉ ሰፊ ነው» አሉ። ፊታውራሪ መሸሻ ባላገሩን ሲያስጨንቁ፣ አበጀ በለውም ገበሬውን ይዞ ሲነሳባቸው ግን ሐሳባቸውን ቀየሩ። «ካሳ ያለው ይኼንኑ አይደል?» አሉኝ። ከዚያ በ1960 የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብሩ ሲነሳ ያዩትን ተረኩልኝ። ያኔ ጎረምሳ ነበሩ። መጽሐፉ ከወጣ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ ደራሲ በልብ ወለድ የጻፈው ነገር በዚያው አገር ሁለት ዓመት ሳይቆይ ሲሆን፣ ያንን ያየ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሲነግረኝ፣ እጄ ላይ ያለው ወረቀት ከበደኝ።

እንግዲህ ምክሬ ከዚህ የመጣ ስለሆነ ለሁሉም ላይሠራ ይችላል። ፈጥኖ የማንበብ ስልት የሚባለውን ተዉት፤ ለጋዜጣ ይሆናል፣ ለልብ ወለድ አይሆንም። የመጽሐፍ ማጠቃለያ ቪዲዮም አልወድም። ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲያስቸግራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ሰሚ ካላችሁ የበለጠ ነው። ነጥብ በሌለው መጽሐፍ ላይ እኔ አሁን በእርሳስ ራሴ አደርጋለሁ፣ በተለይ በማመነታበት ግስ ላይ። የሰው መጽሐፍ ከሆነ ግን አታድርጉት፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬን በዚህ አስቀይሜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ደብተር መያዙ ላይ እኔም ገና ሰነፍ ነኝ። ሐምሌን ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

አባቴ ፍልሰታ ሳይፈታ ወደ አገር ቤት ተመለሱ። አንዱ ዓይናቸው ተሠርቷል፣ ሁለተኛው ለጥር ተቀጥሯል። መጽሐፉን አልጨረስነውም። የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ላይ ስንደርስ፣ «ይኼን እኔ አውቀዋለሁ፣ ዛሬ አይሆንልኝም» አሉኝ። እኔም ብቻዬን አላነበብኩትም። ለጥር ሲመጡ አብረን እንጨርሰዋለን። የቆምንበት ገጽ ላይ የዓይን ጠብታቸውን ወረቀት አጥፌ አስቀምጫለሁ።