ለ11 ቀን ተዘግቶ የከረመው ክፍል

ሆቴሉ ባሕሩ አፋፍ ላይ የተሠራ፣ 14 ክፍል ብቻ ያለው ቡቲክ ሆቴል ነው። ችግሩ የተፈጠረው ከሁሉም ውድ በሆነው የጥግ ክፍል ውስጥ ነበር፤ በረንዳው በቀጥታ ወደ ውሃው ያያል፣ አንሶላው ሊነን ነው፣ የአልጋው ራስጌ በጨርቅ የተለበጠ ነው፣ ቁም ሳጥኑ ካልተቀባ እንጨት የተሠራ ነው። ዝናቡ የበዛበት፣ እንግዳም የሚሳሳበት ወቅት ስለነበር ለ11 ቀን ማንም አላደረበትም። በ12ኛው ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ባልና ሚስት ገቡ። ሰዓት ሳይሞላ ሚስትየዋ ወደ ሪሴፕሽን ወረደች።

«ክፍሉ በጣም ያምራል፤ ትራሱ ግን የተዘጋ ጓዳ ይሸታል። ባለቤቴ ደግሞ አስም አለበት» አለች።

«በጣም ይቅርታ እመቤቴ፤ አሁኑኑ አይተን መልስ እንሰጥዎታለን» አለቻት ሪሴፕሽኒስቷ።

ዕለቱ ቅዳሜ ስለነበር ሌሎቹ 13 ክፍሎች ተይዘዋል። የትንሽ ሆቴል ፈተናው ይህ ነው፤ አንድ ክፍል ሲበላሽ እንግዳውን የምታዛውርበት ሁለተኛ ክፍል የለም። ባልና ሚስቱ በሆቴሉ ወጪ ወደ ሌላ ማረፊያ ተሸኙ፣ ክፍሉም ለፍተሻ ተዘጋ።

የጥገና ሠራተኛው ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አላቅቆ ወደፊት ሲስበው የጀርባው ኮምፔንሳቶ ነጭ ጥጥ የተነሰነሰበት መስሎ ታየ። በጣቱ ሲነካው ጣቱ መስመር አሰመረበት፣ ጫፉም ረጠበ። ከአልጋው ራስጌ ጀርባ፣ ከውጪው ግድግዳ ጋር በተጠጋው በኩል፣ ምስር የሚያህሉ አረንጓዴና ግራጫ ነጠብጣቦች ነበሩ። ኤሲው አፍ ላይ የተንጠለጠለው የውሃ ጠብታ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ የአልጋ ልብሱ ላይ ጠብ አለ።

ከዚያ የተነሳው ክርክር በየሆቴሉ የተለመደ ነው። ሀውስኪፒንግ «ክፍሉ ንጹሕ ነበር» አለ፤ ንጹሕ ነበር። ሜንቴናንስ «ኤሲው ይሠራል፣ ክፍሉ 19 ዲግሪ ደርሷል» አለ፤ ይሠራል፣ ደርሷል። ሁለቱም ያልያዙት መሣሪያ የእርጥበት መለኪያ ነበር። ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ መጥቶ አልጋው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ 84 በመቶ አነበበ። ክፍሉ ቀዝቅዟል፣ ግን አልደረቀም። የባሕር ዳርቻ ክፍሎች ጣጣ ሁሉ ከዚህች ልዩነት ይጀምራል፤ እንግዳም ሆነ ሠራተኛ ቅዝቃዜውን ይሰማዋል፣ እርጥበቱን ግን ማንም በቆዳው መለካት አይችልም።

ነገሩ በቁጥር ይህን ይመስላል። የውጪው አየር 30 ዲግሪ፣ አንፃራዊ እርጥበቱም (በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ውሃ የያዘው ድርሻ) 80 በመቶ ሲሆን የጤዛ ነጥቡ 26 ዲግሪ ገደማ ነው። ማለትም ያ አየር ከ26 ዲግሪ የቀዘቀዘ ማንኛውንም ነገር ሲነካ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ይሆናል፤ ብርጭቆ ቢሆን፣ ግድግዳ ቢሆን፣ የፍራሽ ጨርቅ ቢሆን ያልበዋል። በዚያ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይ የክፍሉ ኤሲ 16 ዲግሪ ላይ ተደርጎ ነበር። በዚያው ሰዓት «የታፈነው ሽታ እንዲወጣ» ተብሎ የበረንዳው ተንሸራታች በር ተከፈተ። ለክፍሉ ታስቦ የተደረገ ነው፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ፤ ኤሲው ግድግዳውን ያቀዘቅዛል፣ ባሕሩ ደግሞ የቀዘቀዘው ላይ ውሃ ይቀባል። ከኤሲው አፍ የወረደው ጠብታ የጋዝም የፍሳሽ ቱቦም ችግር አልነበረም፤ የውጪው አየር ቀዝቃዛው ፕላስቲክ ላይ የተወው ጤዛ ነው።

ሻጋታው ግን በዚያ ከሰዓት የበቀለ አይደለም። ርጥብ ሆኖ የቆየ ጨርቅና እንጨት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል፤ ይህ ክፍል ደግሞ 11 ቀን ሙሉ ዕድል ሰጥቶታል። መብራቱንና ኤሲውን የሚያበራው የክፍሉ ካርድ ከማብሪያው ስለወጣ ኤሲው ጠፍቷል። የመታጠቢያ ቤቱ አየር ማውጫ ግን ጣሪያ ላይ ካለው የጋራ ፋን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቀንም ሌሊትም ይስብ ነበር። ጥፋቱ የተደበቀው እዚህ ነው፣ ብዙ ቦታም አይታይም፤ ፋኑ ድምፅ የለውም፣ ማንም አያስበውም። የበረንዳው በር ጎማ በፀሐይና በጨው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የጥገናው ሰው የሶፍት ቁራጭ ወደ ስንጥቁ ሲያስጠጋ ወረቀቱ ወደ ውስጥ ተጎትቶ ተለጠፈ። ክፍሉ የባሕሩን አየር እየጠባ ነበር።

ምን ያህል ውሃ እንደሚጠባ ማስላት ቀላል ነው። 30 ዲግሪና 80 በመቶ የሆነ አየር በአንድ ሜትር ኩብ 24 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል። 24 ዲግሪና 55 በመቶ እንዲሆን የምንፈልገው የክፍል አየር ደግሞ 12 ግራም ገደማ። ስለዚህ ከውጪ የሚገባ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ 12 ግራም ትርፍ ውሃ ተሸክሞ ይመጣል። ፋኑ በሰዓት 80 ሜትር ኩብ ከሳበ በሰዓት 1 ኪሎ የሚጠጋ፣ በቀን 23 ሊትር ገደማ ውሃ ነው። ኤሲው ቢበራ ኖሮ ይህን ሁሉ ማውጣት ነበረበት፤ ኤሲው ጠፍቶ ሳለ ግን ክፍሉ ከውጪው እኩል እየረጠበ ነው።

በዚህ ላይ የክፍሉ ውበት ራሱ ውሃ ጠጪ ነው። ቡቲክ ማረፊያ የሚሸጠው ሊነን፣ ጥጥ፣ ገለባ ምንጣፍ፣ ያልተቀባ እንጨት፣ የቆዳ ወንበርና የድሮ መጻሕፍት ነው፤ አንዱም እርጥበትን አይመልስም። «እንግዲያው ፕላስቲክ እናድርግ» ማለትም አያዋጣም። በሞቃትና ርጥብ አገር በውጪው ግድግዳ የውስጥ ፊት ላይ የሚለጠፍ ቪኒል (ፕላስቲክ) የግድግዳ ወረቀት እርጥበቱን ከጀርባው ያፍናል፣ ሻጋታውም ሳይታይ ከስር ይበቅላል፤ ስትልጠው ግድግዳው ሮዝና ጥቁር ሆኖ ታገኘዋለህ። እርጥበት የሚያሳልፍ ቀለም ይሻላል።

ጨውም አለ። ንጹሕ የገበታ ጨው አየሩ 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ራሱን በራሱ ያሟሟል። የባሕር ጨው ውስጥ ግን ማግኒዚየም ክሎራይድ ስላለ ከዚያ በታችም ውሃ ይስባል። እንግዳ ከባሕር ወጥቶ የተቀመጠበት ወንበር ሁልጊዜ የሚቀዘቅዘውና የሚጣበቀው ለዚህ ነው፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ጨውን ያዛውረዋል እንጂ አያነሳውም። ጨው በሌለው ውሃ በረጠበ ጨርቅ ተጠርጎ ከዚያ መድረቅ አለበት። መጋረጃም እንዲሁ፤ የበረንዳው መጋረጃ የታችኛው ክንድ ያህል ሁልጊዜ ጨው አለበትና ዝናብ በበዛበት ወቅት ከሌላው ቀድሞ መታጠብ ይፈልጋል።

ሌላው ስህተት አልጋው የተነጠፈበት ቀን ነው። የመጨረሻው እንግዳ በወጣ በሰዓቱ አልጋው ተነጥፎ፣ በከባድ አልጋ ልብስ ተሸፍኖ፣ አራት ትራስ ተደርድሮበት 11 ቀን ቆየ። አንሶላውና ትራሱ ያን ሁሉ ቀን እርጥበት ሲጠጡ ከረሙ፤ ሚስትየዋም መጀመሪያ ያሸተተችው ትራሱን ነበር። ክፍሉን ያዘጋጀችው ልጅ ሽታው ለምን አልተሰማትም ለሚለው መልሱ ቀላል ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ሽቶ የሚረጭ መሣሪያ አለ፣ አፍንጫ ደግሞ ውስጡ የዋለበትን ሽታ በደቂቃዎች ይለምዳል። ሽታ ማረጋገጥ ያለበት ከውጪ የመጣ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንጹሕ አየር ላይ የቆየ ሰው ነው።

ጽዳቱ ሁለት ቀን ፈጀ። በጨርቅ የተለበጠው ራስጌ፣ ፍራሹና ትራሶቹ ተጣሉ፤ ስፖንጅና ጨርቅ ውስጥ የገባ ሻጋታ በመጥረግ አይወጣም፣ ይህ ላይ መቆጠብ ያው እንግዳ እንደገና እንዲያማርር መጋበዝ ነው። ጠንካራው ነገር፣ ማለትም የእንጨቱ ፊት፣ ሰቆቹና የኤሲው ሽፋን፣ በውሃና በሳሙና ተፈትጎ ወዲያው ደረቀ። ሠራተኞቹ ኤን95 ጭምብል፣ ጓንትና መነጽር አድርገዋል፤ በሩ ተዘግቶ ኤሲው ጠፍቶ ነበር፣ አለዚያ ብናኙ ወደ ሌላ ክፍል ይዞራል። በመጨረሻ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ሄፓ ማጣሪያ ባለው ቫኪዩም ተጠረገ፤ ተራው ቫኪዩም ብናኙን ከኋላው መልሶ ይተፋዋል። አንድ ሰው በረኪና ሊያመጣ ብሎ ነበር። በረኪና የእንጨቱን ፊት ያነጣል እንጂ ውስጥ አይገባም፤ ከአሞኒያ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ የሚያፍን ጋዝ ይለቅቃል። የኦዞን ማሽን ሐሳብም ቀርቦ ተተወ፤ ሻጋታውን ሳይነቅል ሳንባን ይጎዳል፣ የበርና የመስኮት ጎማም ያደርቃል።

ዋናው ጥገና ግን አየሩ ላይ ነበር። የበረንዳው በር ጎማ ተቀየረ። የመታጠቢያ ቤቱ ዳክት (የአየር ማውጫ ቱቦ) ላይ በክፍሉ ካርድ የሚታዘዝ መዝጊያ ገባ፤ እንግዳ ከሌለ ይዘጋል፣ ካለ ይከፈታል። ቁም ሳጥኑና ራስጌው ከውጪው ግድግዳ 5 ሴንቲ ሜትር ርቀው ቆሙ። የኤሲው ፋን «ኦን» ላይ የነበረው ወደ «አውቶ» ተመለሰ። ይህች ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ኮምፕረሰሩ ካረፈ በኋላ ፋኑ ብቻውን ሲነፍስ ኤሲው ላይ የተሰበሰበውን ውሃ አትንኖ መልሶ ወደ ክፍሉ ይበትነዋል።

ኤሲው ራሱም ለክፍሉ ትልቅ ሆኖ ተገኘ። ትልቅ ኤሲ ቅንጦት ይመስላል፤ ነገር ግን ክፍሉን በደቂቃዎች አቀዝቅዞ ያቆማል፣ ውሃውን ለማውጣት የሚበቃ ጊዜ አይሠራም። ለባሕር ዳርቻ ትንሽ ክፍል ዝቅ ባለ ጉልበት ረጅም ሰዓት የሚሠራ ኢንቨርተር ይሻላል። እሱም ቢሆን በዝናቡ ወቅት ብቻውን አይበቃም፤ ውጪው 26 ዲግሪና 90 በመቶ ሲሆን 25 ላይ የተደረገ ኤሲ ብዙም አይነሳም፣ ስለዚህ አያደርቅም። ያኔ ለብቻው የእርጥበት መምጠጫ ማሽን ያስፈልጋል። ማሽኑ ላይ «በቀን 20 ሊትር» የሚለው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በ30 ዲግሪና በ80 በመቶ የተለካ ነው፤ 25 ዲግሪና 60 በመቶ በሆነ ክፍል ውስጥ ግማሹን እንኳ ላያወጣ ይችላል። ቱቦው ደግሞ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ፍሳሽ መውረድ አለበት፤ ባልዲው ከሞላ ማሽኑ ዝም ብሎ ይቆማል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መሙላቱን የሚያይ የለም። ቁም ሳጥን ውስጥ የሚንጠለጠሉት እርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ለተዘጋ መሳቢያ ይሆናሉ፤ በቀን 23 ሊትር የሚጠባን ክፍል ግን አይመክቱም።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ሲዘጋ ኤሲው 25 ላይ ይቆያል፣ መምጠጫው 55 በመቶ ላይ ይደረጋል፣ ፍራሹ ያለ አንሶላ ለአየር ይቆማል፣ የቁም ሳጥኑ በር ይከፈታል፣ መጋረጃው ከግድግዳው ይርቃል። ጠዋት 2 ሰዓት እና ማታ 12 ሰዓት ላይ ዲግሪውና እርጥበቱ በሩ ጀርባ ባለው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ከ60 በመቶ ካለፈ ለሜንቴናንስ ይደወላል፣ እስከ ነገ አይጠበቅም። በሳምንት አንዴ ሻወሩና ቧንቧዎቹ ለጥቂት ደቂቃ ይለቀቃሉ፣ መጸዳጃውም ይለቀቃል፣ የወለሉ ፍሳሽ ላይ 1 ሊትር ውሃ ይፈስሳል። የቆመ ውሃ ሌጂዮኔላ የተባለውን፣ ሳንባን የሚያጠቃ ባክቴሪያ ያበቅላል፤ የብሪታንያው የጤናና ደኅንነት ተቋምም ብዙ የማይከፈቱ ቧንቧዎች በየሳምንቱ እንዲለቀቁ ይመክራል። የደረቀ ፍሳሽ ደግሞ ሻጋታ በሌለበት ሌላ ሽታ ያመጣል።

እንግዳ የሚገባ ቀን አንሶላው የሚነጠፈው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው፣ የበረንዳው በር ተዘግቶ። ኤሲው ከ25 ወደ 23 ዝቅ ይላል እንጂ 16 አይነካም። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የአትክልት ቦታው ሠራተኛ ይጠራል። ከውጪ እንደመጣ ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ ትራሱን ያነሳል፣ ያሸታል፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ፊርማውን ያሰፍራል።