የመልእክተኛው ቃል እና የአባት ፊት

የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የዩሪፒደስን «ኢፊጌኒያ በአውሊስ» ባነበብኩ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ መጽሐፉን እዘጋዋለሁ። ልጅቱ ኢፊጌኒያ እንዳይሠዋት አባቷን ስትለምን፣ ከልጆቹ ሁሉ አስቀድማ «አባቴ» ብላ የጠራችው፣ ጉልበቱ ላይም የተቀመጠችው እርሷ መሆኗን ታስታውሰዋለች። የእኔም የበኩር ልጅ ሴት ናት፤ ከዚያ ንግግር በኋላ ጥቂት ሳልቆይ መቀጠል አይሆንልኝም።

ታሪኩ አጭር ነው። የግሪኮች መርከቦች ነፋስ አጥተው አውሊስ በተባለው ወደብ ላይ ቆመዋል። ወደ ትሮይ ለመዝመት የጦሩ መሪ አጋሜምኖን ልጁን ለእንስቷ አምላክ ለአርጤምስ መሠዋት አለበት፤ ለጀግናው ተዋጊ ለአኪለስ ልድርሽ ነው ብሎ አታልሎ ያስመጣታል።

በጥንቷ አቴና መድረክ ግድያ በአብዛኛው በተመልካች ፊት አይፈጸምም ነበር፤ መልእክተኛ መጥቶ ይተርከዋል። ተዋንያኑ ጭምብል ስለሚያጠልቁ ፊታቸው ሲለወጥ አይታይም፤ የሐዘኑን ሸክም የሚይዘው ቃልና ድምፅ ነው። እዚህም መልእክተኛው ለእናቲቱ ለክሊቴምኔስትራ፣ ልጅቱ ተሰውራ በመሠዊያው ላይ በምትኳ አጋዘን መገኘቱን ያበሥራታል። ብዙ ሊቃውንት ይህን መጨረሻ ሌላ እጅ የጨመረው ነው ብለው ይጠረጥራሉ። እኔን የሚይዘኝ ግን የእናቲቱ መልስ ነው፦ ይህ ወሬ እኔን ለማጽናናት የተፈጠረ አለመሆኑን በምን ልወቅ?

ሚካኤል ካኮያኒስ እ.ኤ.አ. በ1977 ተውኔቱን ወደ ፊልም ሲያመጣ ከእናቲቱ ጥርጣሬ ጎን ቆመ። በልጅቱ ምትክ የሚገኝ አጋዘን የለም፤ የሚያበሥር መልእክተኛም የለም። ልጅቱ ደረጃውን ስትወጣ ነፋሱ ይነሣል። አባት ተከትሏት ይሮጣል። ላይ ሲደርስ የምናየው እርሱ ያየውን ሳይሆን የእርሱን ፊት ነው። በአቴና ጭምብል ይሸፍነው የነበረው ፊት እዚህ የመልእክተኛውን ሥራ ይሠራል!

ቢላዋውንና ደሙን ማሳየት ለሲኒማ ቀላል ነበር። ዛሬ ብዙ ፊልሞች ቁስሉን በቅርበት ካሳዩን በኋላ እንድናዝን ይጠብቁናል። ይህ ያናድደኛል፤ ሰውነት ሲቆረጥ እያየሁ የምደነግጠው ድንጋጤ ሐዘን አይደለም። በዚያ ደረጃ ላይ ግን ያልታየኝን ነገር ራሴ ማሰብ ነበረብኝ፤ ያሰብኩትም በልጄ መልክ ነበር።

ከዚያ መርከቦቹ ይንቀሳቀሳሉ። ክሊቴምኔስትራን የምትጫወተው ኢሬኔ ፓፓስ ዝም ብላ ታያቸዋለች። አጋሜምኖን ከጦርነቱ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው ሞት ከዚያ ዓይን ይጀምራል።