ፓኬጁ እምቢ ያለ ዕለት

ካቻምና ነው፣ አንድ እሑድ ከሰዓት። የአከራዬ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ በሬን አንኳኳ። «ጋሼ፣ ፓኬጁ እምቢ አለኝ» አለ። ፖሊ ካምፓስ ነው የሚማረው፤ የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ላይ ነበር። እኔ የኢንተርኔት ፓኬጅ ያለቀበት መስሎኝ ሆትስፖት ልከፍትለት ስልኬን አነሳሁ።

«ኧረ ዳታ ሞልቷል፣ የኡቡንቱው ነው!» ኡቡንቱ ላፕቶፑ የሚሠራበት ስርዓተ ክወና ነው፤ ፓኬጅ ያለውም እሱ ላይ የሚጫን ሶፍትዌር ነው።

የባሕር ዳር ሙቀት ቤት አያስቀምጥም። ይዤው ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ቡና አዘዝን።

ፕሮጀክቱ ኖድ 18 ይፈልጋል፤ ኖድ በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ፕሮግራም የሚያስኬድ ሶፍትዌር ነው። ኡቡንቱ 22.04 ከራሱ ማከማቻ፣ ማለትም ፓኬጆቹን ከሚያወርድበት ቦታ፣ የሚሰጠው ግን ኖድ 12ን ነው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2022 ኡቡንቱ 22.04 ወጣ፣ ኖድ 18 ወጣ፣ የኖድ 12 ድጋፍ ደግሞ አበቃ። ሦስቱም በአንድ ወር! አዲስ ቤት ስትገባ ጡረታ የወጣ ዘበኛ እንደመቀበል ነው።

ልጁ መጀመሪያ 12ን ጭኗል። ቆይቶ የውጭ ማከማቻ ጨመረና 18ን ሊጭን ሲል ስህተት። ያንኑ ኮማንድ ደጋገመ። የተበላሸ ጭነት ይጠግናል የሚባለውን «ፊክስ ብሮክን»ንም ሞከረ። ሲሰለቸው «ፎርማት ላድርገው እንዴ?» ሊለኝ መጣ።

ቆይ፣ መጀመሪያ እናንብበው አልኩት። መልእክቱ ረጅም ነው፤ ቁም ነገሩ ግን አንድ መስመር ላይ ነው ያለው። አዲሱ ኖድ ሊጽፍበት የፈለገው ፋይል ሊብኖድ-ዴቭ የሚባል ፓኬጅ ንብረት ነው ይላል። ፓኬጁን የሚተክለው ዲፒኬጂ ደግሞ አንድን ፋይል ሁለት ፓኬጆች እንዲይዙት አይፈቅድም። ሊብኖድ-ዴቭ የድሮው 12 ትራፊ ነው። ሁለት ማከማቻ ስትቀላቅል እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም፤ አሮጌውን ራስህ ማንሳት አለብህ።

«አፕት ሪሙቭ ሊብኖድ-ዴቭ» አስጻፍኩት፤ ሊብኖድ-ዴቭን አጥፋ ማለት ነው። ሰረዝ ኤስም አስጨመርኩበት። ሰረዝ ኤስ ካለበት የሚያጠፋውን ይዘረዝርልሃል እንጂ አንድም ነገር አይነካም። ዝርዝሩ ወረደ። የኖድ ፓኬጆችን የሚያወርደው ኤንፒኤም አለበት። በኖድ የሚጀምሩ ስሞች ስክሪኑን ሞሉት።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ?»

መደንገጡን ወደድኩለት። እኔ አንድ ጊዜ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በአዲስ ልጭን ብዬ የኡቡንቱን ፓይተን 3 ራሱን አጥፍቻለሁ። ዝርዝሩን ሳላይ «ዋይ»፣ አዎ አጥፋ፣ ብዬ። ኡቡንቱ ለስንቱ ሥራው ፓይተንን ነው የሚደገፈው፤ ዴስክቶፑ አብሮ ሄደ። ኮምፒውተሩን ሳስነሳው ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ፣ ሌላ ምንም። ሌሊቱን ሙሉ ስታገል ባለቤቴ ሥራ የተባረርኩ መስሏት ነበር።

ስለዚህ የልጁን ዝርዝር ስም በስም ወረድንበት። የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፦ ከኖድ ዘመዶች ውጭ የሆነ ስም አለ? የለም። ኤንፒኤምም ቢሄድ ግድ የለም፤ ይሄኛው ኖድ 18 የራሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ሰረዝ ኤስን አንስቶ ኮማንዱን ደገመው። ከዚያ 18ን ጫነ፤ ሰተት ብሎ ገባ። የቀረውን ርዝራዥ ኦቶሪሙቭ የሚባለው ኮማንድ ጠረገው።

ልጁ ደስ ብሎት እዚያው የፕሮጀክቱን ፓኬጆች ማውረድ ጀመረ። እኔ ማገዶ የጫነ ታንኳ ሲያልፍ እያየሁ ቡናዬን ያዝኩ። ሲኒውን ሳልጨርስ ልጁ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ አሁን የእውነት ፓኬጅ አለቀ።»

ሆትስፖቱን ከፈትኩለት።