የታሰረ ትከሻ

ትከሻ ሲያምም ከውጭ አይታይም። እግሩን የታመመ ያነክሳል፤ ጥርሱን የታመመ ጉንጩ ያብጣል። ትከሻ ግን ከልብስ ስር እንደ ድሮው ነው። ስለዚህ ወዳጅ መንገድ ላይ ሲያገኝሽ አይሳሳልሽም። ሳብ አድርጎ ትከሻ ለትከሻ ያጋጭሻል። ደሴ ላይ ደግሞ ሰላምታ ባንዴ አያልቅም። ይደገማል፣ ይሠለሳል፣ በመሃል የልጆች ደኅንነት ይጠየቃል፣ እንደገና ይጀመራል። ይህን ሰላምታችንን እወደዋለሁ። ግን ፒያሳ አካባቢ ዘመድ ከሩቅ ሳይ ቀኝ እጄን በግራዬ ደግፌ የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። "አሞኛል፣ አትንኩኝ" ማለት ሰላምታ እንደ መንፈግ ሆኖብኝ ችዬ አልፈው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ክፍል ገብቼ ቀኑን ሰሌዳው አናት ላይ ጻፍኩ። ተማሪዎቼ ምንም አላስተዋሉም። እኔ ግን ጠመኔውን እንደያዝኩ ትንሽ ቆምኩ። ለወራት ከደረቴ በታች ብቻ ነበር የምጽፈው። ደስ ስላለኝ፣ ያሳለፍኩትንና የተማርኩትን ሳልረሳው ላሰፍረው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የጀመረኝ ክረምት ላይ ነው። ጦሳ በጉም ተሸፍኖ የሚውልበት፣ ደሴ የማትሞቅበት ወቅት። መጀመሪያ የመጣው የሌሊት ሕመም ነው። በቀኝ ጎኔ መተኛት አልቻልኩም። በግራ ስተኛ ደግሞ እጄ ወደ ፊት ሲንጠለጠል ይጠዘጥዘኛል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ቀኑም አይቀናውም። ከዚያ ቀስ እያለ እጄ ማጠር ጀመረ። ሻሼን ከኋላ ማሰር አቃተኝ። ሰላት ላይ ተክቢር ስል ግራ እጄ ትከሻዬ እኩል ትደርሳለች፤ ቀኟ ደረቴ ላይ ትቀራለች። እንጀራ ስጋግር ሊጡን ምጣዱ ላይ ማዞር ራሱ ሥራ ሆነ። ሚኒባስ ውስጥ ገንዘብ ለረዳቱ ወደ ኋላ ማቀበል አልቻልኩም። ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ግን ቀኑን ሙሉ የሰው እጅ ማየት ያስጨንቃል።

ሰው ሁሉ "ብርድ ነው" አለኝ። ደሴ ላይ ሆነሽ ብርድን ካልጠረጠርሽ ምን ትጠረጥሪያለሽ? የክፍሌን መስኮት የወቀሱ አሉ። ቅቤ በዝንጅብል አሽተው የሰጡኝ አሉ። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ "ነይ ውረጂ፣ ሙቀቱ ያፍታታሻል" ብላ ወሰደችኝ። ሐረጎን ስንወርድ በየጠመዝማዛው ትከሻዬን አቅፌ ነበር የተቀመጥኩት። እውነት ለመናገር ኮምቦልቻ ስሰነብት ቀለል አለኝ። ሙቀት የተወጠረ ጡንቻን ያላላል፤ ሕመምንም ያስታግሳል። ብርድ ደግሞ ጡንቻ ያኮማትራል፣ ሕመሙም ጎልቶ ይሰማል። ግን ብርዱ አልነበረም እጄን ያሰረው፤ ሙቀቱም አልፈታውም። ሻሼን ማሰር እንዳቃተኝ ነው ወደ ደሴ የተመለስኩት።

ወጌሻ ጋር እንድሄድ የመከሩኝም ብዙ ናቸው። ወጌሻን አልንቅም። ሐኪም በሌለበት አገር ስንቱን ያቃኑ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ትከሻ ግን በጉልበት መጎተት የለበትም። የተቆጣ መገጣጠሚያ ሲጎተት ይብስ ይቆጣል። አጥንቷ የሳሳ እናት ከሆነች ደግሞ ሊሰበር ይችላል። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

አንድ ክሊኒክ ራጅ አነሳኝ። አጥንቱ ደህና ነው ተባልኩና ማስታገሻ ተሰጥቶኝ ተሸኘሁ። ደህና ከሆነ ለምን እጄ አይነሳም? ያን ቀን እቤት ገብቼ አለቀስኩ። ኋላ ሲገባኝ፣ ራጅ የሚያሳየው በዋናነት አጥንትን ነው። ጅማቱን፣ ጡንቻውን፣ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነውን ስስ ከረጢት በደንብ አያሳይም። የኔ ችግር ያለው እዚያ ነበር።

የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የገባሁት በአንዲት ባልደረባዬ ጉትጎታ ነው። "አብሽሪ፣ እነሱ ያውቁታል" አለችኝ። ፊዚዮቴራፒስቱ ወጣት ልጅ ነው። "እትዬ፣ እስኪ እጅዎን ያንሱልኝ" አለኝ። አነሳሁ፤ ትከሻዬ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ቀጥሎ "አሁን እርስዎ ዝም ይበሉ፣ እኔ ላንሳው" ብሎ ራሱ ቀስ አድርጎ አነሳው። እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ ክርኔን ከጎኔ አጣብቆ ክንዴን ወደ ውጭ ለማዞር ሞከረ። ምንም አልዞርም አለ። ራሱን ነቀነቀና "ስኳር አለብዎት?" አለኝ። አለብኝ።

ያ ምርመራ ምን እንደሚለይ አስረዳኝ። ከትከሻ ጡንቻዎች የአንዱ ጅማት የተጎዳበት ሰው ራሱ እጁን ማንሳት ይከብደዋል፤ ሌላ ሰው ሲያነሳለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል። መገጣጠሚያው ራሱ ከታሰረ ግን ማንም ቢያነሳው ያው ነው። በተለይ ክንድን ወደ ውጭ ማዞር ቀድሞ ይጠፋል። የኔ ሁለተኛው ነው። ፍሮዝን ሾልደር ይሉታል።

ትከሻ እንዴት እንደተሠራ ሲነግረኝ እንደ ተማሪ ነበር ያዳመጥኩት። የክንድ አጥንት አናቱ ድቡልቡል ነው። የሚያርፍበት ደግሞ ከጀርባችን ያለው ጠፍጣፋ አጥንት ጫፍ ላይ ያለ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ቦታ ነው። ትንሽ ሳህን ላይ የተቀመጠ ብርቱካን አስቢ። በሰውነታችን ውስጥ እንደ ትከሻ በየአቅጣጫው የሚዞር መገጣጠሚያ የለም፤ ምክንያቱም አጥንቱ አጥብቆ አልያዘውም። የሚይዙት ዙሪያውን ያሉ 4 ትንንሽ ጡንቻዎች፣ ጅማቶችና ያ ስስ ከረጢት ናቸው። ከረጢቱ ከብብት በኩል ልል ሆኖ የታጠፈ ነው። እጅ ሲነሳ ያ ትርፉ ይዘረጋል። በፍሮዝን ሾልደር ጊዜ ከረጢቱ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ይኮማተራል። ትርፉ ይጠፋል። እጅ የሚቆመው ለዚህ ነው።

ስኳር ምን አገናኘው? ስኳር በደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ጅማትና ከረጢት የሚሠሩበትን ፕሮቲን እንደሚያደርቀው ይታመናል። ስኳር ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ ይህ ሕመም ይይዘዋል፤ ሲይዘውም ቶሎ አይለቅም። የእንቅርት እጢ መዛባትም እንዲሁ ያጋልጣል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከ40 እስከ 60 ዓመት ያለ ሰውን ነው፤ ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። ልክ የኔ ዕድሜ፣ ልክ የጎረቤቶቼ ዕድሜ። ስንቷ ናት "ክንዴ ደረቀ" ብላ ዝም ያለችው ብዬ አሰብኩ። ስኳሯን ተለክታ የማታውቅ ሴት ትከሻዋ ያለምንም አደጋ ከታሰረ ስኳሯን መለካት አለባት።

ከሁሉ የከበደኝ ጊዜው ነው። ሕመሙ 3 ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሕመሙ ይበረታል፣ እጅም እየጠበበ ይሄዳል። ቀጥሎ ሕመሙ ይቀንሳል፣ እጅ ግን እንደታሰረ ይቆያል። በመጨረሻ ቀስ እያለ ይፈታል። ሁሉም ተደምሮ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል። ስሰማው ልቤ ወደቀ። ግን ደግሞ መጨረሻ እንዳለው ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ሌሊት ነቅቼ "እንዲህ ሆኜ ልቀር ነው?" የምለው ጥያቄ ቀነሰ። ብዙ ሰው ይሻለዋል። አንዳንዱ ላይ ትንሽ ጥበት ይቀራል።

እኔ ፊዚዮቴራፒ ማለት ሰው አሽቶ የሚለቅሽ ይመስለኝ ነበር። አብሮኝ ወረፋ የሚጠብቀውም ሰው እንደዚያ ነው የሚጠብቀው። ልጁ በእርግጥ በእጁ ይሠራል። የክንዴን አናት ይዞ ቀስ አድርጎ ያንሸራትተዋል፣ በልክ። ግን የዋናው ሥራ ባለቤት እኔ ነኝ። እሱ ያስተማረኝን እቤቴ በየቀኑ መሥራት።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ግራ እጄን ጠረጴዛ ላይ ደግፌ ጎንበስ እላለሁ። ቀኝ እጄ ወደ መሬት ይንጠለጠላል። ከዚያ ሰውነቴን እያወዛወዝኩ እጄ ክብ እየሠራ እንዲሄድ እለቀዋለሁ። ጡንቻው ሳይሠራ መገጣጠሚያው ይንቀሳቀሳል። ይህ እንቅስቃሴ የሚጠራው ኤርነስት ኮድማን በሚባል የቦስተን ቀዶ ሐኪም ስም ነው። ፍሮዝን ሾልደር የሚለውን ስም በ1934 እ.ኤ.አ. ያወጣውም እሱ ነው። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ደሴ ላይ አንዲት መምህርት ሳሎኗ ውስጥ ትሠራዋለች።

ሌላው፣ ግድግዳ ላይ ጣቶቼን እያራመድኩ ወደ ላይ መውጣት ነው። ልጄ የደረስኩበትን በጠመኔ ምልክት ታደርግልኛለች። አንዳንድ ሳምንት ምልክቱ ንቅንቅ አይልም። አንዳንዴ ጣት ያህል ከፍ ይላል። ክንድን ወደ ውጭ ለማዞር የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጄ ይዤ፣ ክርኖቼን ከጎኔ አጣብቄ፣ በግራዬ ቀኜን እገፋለሁ። ወደ ኋላ ለማድረስ ደግሞ ፎጣ በጀርባዬ አሳልፌ ከላይ በግራ እጄ እስባለሁ። ይህ ከሁሉ ያማል፤ ከሁሉም ዘግይቶ ነው የሚመለሰው። ከመጀመሬ በፊት በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ትከሻዬ ላይ አደርጋለሁ። ማታ ስተኛ ትራስ ከክንዴ ስር አስገባለሁ፤ እንቅልፌን የመለሰልኝ ይህ ነው።

ሕመምን እንዴት እንደምለካው የነገረኝን በጣም እይዘዋለሁ። ስትሠሪ ውጥረት መሰማቱ፣ ትንሽ ማመሙ አይከፋም። ሕመሙ ከጨረስሽ በኋላ ቶሎ ከበረደ ልክ ነሽ። እስከ ሌሊት ከቆየ ወይም እንቅልፍ ከነሳሽ በዝቷል፤ ነገ ቀንሺ። በተለይ መጀመሪያው ላይ፣ ሕመሙ በሚበረታበት ጊዜ፣ መታገል አይረዳም። በሌላ በኩል እጅን በነጠላ አንጠልጥሎ ማስቀመጥም የባሰ ያስረዋል። ሕመም "አትንኪው" ይላል። ወዳጅ ዘመድም ያንኑ ይላል፤ ባልዲውንም መጥረጊያውንም ከእጅሽ ይቀማል። ፍቅር ነው፤ ግን ትከሻ የሚድነው በልክ ሲንቀሳቀስ ነው።

አንድ አናጢ ጎረቤታችን የኔን አይቶ ያንኑ ልሥራ አለ። የሱ ግን ሌላ ነው። ቀን ሙሉ እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ ሲመታ የሚውል ሰው ነው፤ የተጎዳው ጅማቱ ነው። በግራ እጁ ሲደግፈው ቀኙ እስከ ላይ ይወጣል። ለሱ የተሰጠው ጡንቻውን የሚያጠነክርና ከጀርባ ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት አያያዝ የሚያስተካክል ነው። ትከሻ ያመመው ሁሉ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ አይሠራም። መጀመሪያ መታየት አለበት።

ፊዚዮቴራፒ የማይጠበቅለት የትከሻ ሕመምም አለ። የግራ ትከሻ ሕመም ከደረት መጫን፣ ከትንፋሽ ማጠርና ከቀዝቃዛ ላብ ጋር ከመጣ ልብ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል። ትከሻው ቀልቶ አብጦ ትኩሳት ካለም እንዲሁ። ወድቆ እጁን ማንሳት ያቃተው፣ ወይም የትከሻው ቅርጽ የተለወጠ ሰው ማንም ሳይጎትተው ሐኪም ይየው። ቅባት በልቶ ቀኝ ትከሻውን የሚወጋው ሰው ሐሞት ከረጢቱ ሊሆን ይችላል። እጅ ከደነዘዘ ደግሞ ነገሩ ከአንገት ሊነሳ ይችላል።

መርፌም አለ። ሕመሙ ሲበረታ ሐኪም መገጣጠሚያው ውስጥ ኮርቲሶን ይወጋል፤ በተለይ መጀመሪያ አካባቢ ሕመሙን ቀነስ አድርጎ ለእንቅስቃሴው መንገድ ይከፍታል። ስኳር ላለብን ግን ለተወሰኑ ቀናት ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ቀድሞ መናገር፣ እየለኩ መጠበቅ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ወረፋው ላይ ከሩቅ ወረዳ የመጡ እናቶችን አያለሁ። የመኪናውም የማደሪያውም ወጪ ከባድ ነው፤ ተመልሰው ላይመጡ ይችላሉ። ልጁ ለእነሱ እንቅስቃሴውን ወረቀት ላይ እየሳለ ይሰጣቸዋል፤ አብራቸው የመጣችውን ልጅም አብሮ ያሠራታል። እንዲህ ዓይነት ባለሙያ በየሆስፒታሉ ቢበዛ፣ ማስታገሻ የሚያዝ ሐኪምም "ፊዚዮቴራፒ ሂጂ" የሚል ቃል ቢጨምር ስንት ሰው እጁ ይፈታ ነበር።

አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ሻሼን ራሴ አስራለሁ። እጄን ወደ ጀርባዬ ማድረሱ ገና ይቀረኛል፤ ፎጣው አልተሰቀለም። ማታ እህቴ ከኮምቦልቻ ደወለች። ግራ ትከሻዬ ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዘኛል አለችኝ። ክርንሽን ከጎንሽ አጣብቂና ክንድሽን ወደ ውጭ አዙሪው አልኳት። "ይዞራል፣ ግን ከቀኙ ያንሳል" አለች። ነገ ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ስኳሯን ትለካለች። ቅዳሜ ትመጣና ሰኞ አብረን ወደ ልጁ እንሄዳለን።