13ኛው ወር

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ የአፈሩን አሲዳማነት ከሚለካው የፒኤች መለኪያ የሚወጡትን ፋይሎች የሚያነብ ፓርሰር (ፕሮግራም) ስጽፍ ዋልኩ። ከየፋይሉ የናሙና ቁጥር፣ ቀን፣ ሙቀትና ፒኤች ለቅሞ ሠንጠረዥ ውስጥ መክተት ነው ሥራው። እስከ ምሳ አለቀ። አንድም ስህተት አላሳየም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሰዓት ጋሼ መጡ። አፈሩን ከየማሳው የሚያመጡልን እሳቸው ናቸው። ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩና «ይሄን እኮ እኔ ነኝ ያመጣሁት። ምን ኤፕሪል አለው? ጳጉሜ ነው፣ ጭቃው ጫማዬን ከእግሬ እየነጠቀኝ!» አሉ።

ፋይሉን ከፈትኩት። የማስታወሻው ቦታ ላይ 04/13/2016 ይላል። ጳጉሜ 4። ፕሮግራሙን የጻፍኩበትን ቋንቋ፣ ፓይተንን፣ መጀመሪያ ቀኑን ከዚያ ወሩን አንብብ ብዬዋለሁ፣ እሱ ግን 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም፣ ስለዚህ ቁጥሮቹን ገልብጦ ኤፕሪል 13 ቀን 2016 አድርጎ አስቀመጠው። ትክክለኛው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2024 ነው። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ፣ ያለ አንዲት ማስጠንቀቂያ። ቢጮህ ይሻል ነበር።

ሌሎቹንም ሳይ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈው ሁሉ እንደ ፈረንጅ ተነቧል።

የጎጃም ደጋ አፈር አሲዳማነት የታወቀ ነው። ፒኤቹ ከ5.5 ሲወርድ ገበሬው ኖራ ይፈልጋል። ኖራው ከመጨመሩ በፊትና በኋላ የተለካው በቀን ካልተለየ ማሳው ይዳን አይዳን በምን ይታወቃል? እኔን የከነከነኝ ይሄ ነው።

አሁን የዘመን አቆጣጠሩን የሚለይ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ። ጋሼ ነገ ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ አንድ በአንድ እናስተያያለን።